የሠላሳ ቀን ማፍጠሪያ

ደሴ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራሂማ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ከፋብሪካውም ጭስ ይጠብቅሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ስኳሩም አለ፣ ግፊቱም አለ፣ ሦስታችን አንድ ቤት እንኖራለን።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ስለማይሰማኝ ነው። ግራ ጆሮዬ ከአምና ክረምት ጀምሮ ሥራ አቁሟል፣ ቀኙም እየለገመ ነው። ደግሞም ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። በጽሑፍ የሌለ ነገር እንደተባለ አልቆጥረውም።

ልጄ ሂሻም ከሪያድ ገንዘብ ልኮ ከፒያሳ ፍሪዘር አስገዝቶልኛል። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው፣ ሲከፈት ብርዱ ፊትሽን ይመታሻል። ያለ ሥራ ቆሟል። ዶክተሩ ደግሞ ጨው ቀንሺ፣ ቅባት ቀንሺ፣ በሰዓቱ ብዪ፣ ከመጠኑ አትለፊ ብሎኛል። በሰዓቱ ለመብላት በሰዓቱ የሚያበስል ሰው ያስፈልጋል። እኔ ምድጃ ሥር ብቆም እግሬ ያብጣል። ልጅሽ ፈትሂያ አለች፣ ግን እሷ ሽንኩርት ስትልጥ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ትጥለዋለች።

አባትሽ የአጎቴ ልጅ ነው ብዬ፣ በዚህ ዘመን ማንም የማይቆጥረውን ዝምድና ቆጥሬ፣ ነሐሴ ላይ ልጅሽን በመስጊዱ ጀመዓ ፊት ተቀብያለሁ። አንቺ «ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ልጅ ናት» ብለሻል፣ እኔ «ቀለቧንና ትምህርቷን ችያለሁ» ብያለሁ። ቃሌን አላጠፍኩም። ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፣ ሰኔ ላይ ትፈተናለች። እንድታጠና ከፈለግሽ ወጥ ቤቱን ከላይዋ አንሺላት። አንቺ በፋብሪካው መመገቢያ ስንቱን ሠራተኛ ስታበዪ ትውያለሽ፣ ለእኔ አይከብድሽም። እሑድ እረፍትሽ ነው። የሳምንቱን ምግብ አብስለሽ፣ በየአንዱ ሰው ድርሻ ከፍለሽ፣ ሰኞ ጠዋት በሹፌሩ በሞላ ሚኒባስ ላኪልኝ። እዚህ በረዶ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ባዶውን ዕቃ ሞላ ይመልስልሻል።

ፈትሂያ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።

ጣይባ


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ጣይባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ዐፊያዎን ይመልስልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጥላዎን ከልጄ ላይ አያንሳብኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረን፣ እናንተ እዚያ ላይ ጋቢ ስትደርቡ እኛ እዚህ በር ከፍተን ነው የምናድረው።

ይኸው ልኬያለሁ። አሥራ አራት ዕቃ ነው። ቀይ ክዳኑ የእርስዎ፣ አረንጓዴው የፈትሂያ። የእርስዎ ምስር በጣት ጫፍ ጨው ነው የተሠራው፣ ጣዕም እንዲሰጠው ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ አብዝቼበታለሁ። ዘይቱ ለሁሉም ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ካሮትና ጎመን የገባበት የአጃ ሾርባም አለ። ጎመኑን የፈላ ውሃ አንዴ ብቻ አሳይቼ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለከተትኩት በረዶ ውስጥ ቢከርምም አይጠቁርም። በፈትሂያ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ሥጋ አለ፣ እያደገች ነው ብዬ ነው።

እስከ አፉ ያልሞላሁት ስስት እንዳይመስልዎ። ሲረጋ ስለሚያብጥ ክዳኑን ይሰነጥቀዋል። ትኩስ እንዳይገባ ደግሞ እኔው በገበቴ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አብርጄዋለሁ። ማታ አንዱን ከፍሪዘር አውርደው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፣ ጠዋት ለስልሶ ይገኛል። አንዴ የቀለጠውን መልሰው በረዶ አያድርጉት። መብራት ጠፍቶ ውሎ ካደረ ይደፋ፣ እኔ ሌላ እልካለሁ፣ ከእርስዎ ሆድ አይበልጥም።

የምንኖረው አራት ሴቶች በአንዲት ክፍል ነው፣ ምድጃውም አንድ ነው። እሑድ እሑድ ጓደኞቼን ልብስ ይዛችሁ ቦርከና ወንዝ ውረዱ ብዬ አባርሬያቸው እሠራለሁ። ተቆጥተው ይሄዳሉ፣ ሽታው ግን ቶሎ ይመልሳቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ፈትሂያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ትክፈት። የሰጠሁዎ ለዚህ ነው። አራት ሴት እየተፈራረቀ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ምን ልታነብ ትችላለች? አባቷም ሐርቡ ላይ ሌላ ትዳር ይዞ ረስቷታል። ከመስጠቴ በፊት ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ፣ ስሰጣትም አንጀቴ ተቆርጧል። ይህን ልደብቅዎ አልችልም። በእጇ አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ራሂማ


ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራሂማ

ወዓለይኩም አሰላም። አላህ ጉልበትሽን አይንሳሽ፣ ገና እፈልገዋለሁ። አምስት ሳምንት ያልጻፍኩልሽ ባዶው ዕቃ ራሱ መልስ መስሎኝ ነው።

ድንች ያለበት ምግብ አትላኪ። ከበረዶ ሲወጣ አፍ ውስጥ እንደ እርጥብ አሸዋ ይፈርሳል። አሸዋውን ቀብሬ ውስጥ እደርስበታለሁ፣ ከአሁኑ አታለማምጂኝ። ሽሮው ጥሩ ነው። ምስሩ ኮረሪማ በዝቶበታል፣ ለሠርግ አይደለም የምትሠሪው።

ስኳሬ ወርዷል። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ተገረመ፣ «ማን ነው የሚያበስልልዎ?» አለኝ። ሠራተኛ አለችኝ አልኩት። ለእሱ የዘር ሐረግ መዘርዘር አያስፈልግም።

አረንጓዴውን ክዳን ተዪው። በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ክዳን ሲኖር ልጅ መለያየትን ይማራል። ሥጋውንም ተዪው። ዛሬ ብትለምደው ነገ ማን ያበላታል?

እንድትጽፍልሽ ነግሬያታለሁ። የእጅ ጽሑፏ ገና አያምርም፣ ሲያምር ትጽፍልሻለች። እኔን «እማ» ማለት ጀምራለች። ማንም አላስተማራትም፣ አንድ ቀን ከአፏ ወጣ። ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ፣ ስትሰጪኝ የፈለግሽው ይህንኑ ነበርና።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ስድስት ዕቃ ጨምሪ። ዓርብ ዓርብ የሚመጡ ሴቶች አሉ፣ ያንቺን ሾርባ ቀምሰው ወደውታል። የእኔ እጅ ሙያ መሆኑን ነው የሚያውቁት።

ጣይባ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ጣይባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። ስኳርዎ መውረዱን ሰምቼ አላህን አመስግኛለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ድንቹን አውጥቻለሁ። በእሱ ፈንታ ዱባና ቦሎቄ ነው፣ እነሱ በረዶውን ይችሉታል። ኮረሪማውን ቀንሻለሁ። ስድስቱንም ጨምሬያለሁ። ክዳኑ ሁሉ ቀይ ሆኗል። ሥጋውን ግን ይቅር ይበሉኝ፣ አልተውም። በሁሉም ዕቃ ውስጥ እኩል አድርጌዋለሁ፣ ቆዳው የተነሳለት የዶሮ ደረት ነው፣ ለእርስዎም አይከለከልም ብለውኛል። የደረሳት ይድረሳት።

«እማ» አለችኝ ያሉትን አነበብኩ። ደስ ብሎኛል ብዬ ብጽፍልዎ ውሸት ይሆንብኛል። የዚያን ቀን መመገቢያው ውስጥ ሁለት ድስት አሳርሬ ኃላፊዬ ጮኸብኝ።

ሞላ ባለፈው ሰኞ ሳጥኑን የተቀበለችው ፈትሂያ ናት ብሎኛል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በትምህርት ሰዓት ቤት ምን ትሠራለች? ታማ ከሆነ ይንገሩኝ። ጥር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለሦስት ቀን ብቻ ይላኩልኝ። ሞላ ራሱ ያመጣታል፣ ከጋቢናው አያወርዳትም። ጓደኞቼ አልጋ ለቀውልናል፣ አብረን እንተኛለን።

ልጅዎ ራሂማ


ደሴ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራሂማ

ወዓለይኩም አሰላም። አላህ በረካውን በእጅሽ ላይ ያብዛው።

ያን ሰኞ መምህራኑ ስብሰባ ነበራቸው። ጥር ላይ ደግሞ ጉንፋን ይዟት ስለነበር አልላክኋትም። ሞላ ሹፌር ነው፣ ሳጥን ያመላልስ፣ ወሬ ማመላለሱን ይተው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ረመዷን የካቲት መጨረሻ ላይ ይገባል። ሠላሳ የማፍጠሪያ ምግብ እፈልጋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው። ልኩ አንድ ይሁን፣ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ እንዳያንስ። አንድ ሰው በልቶ ጠግቦ የሚነሳበት ይሁን። ተራ ነገር አታድርጊው፣ ቤታችን ከሚበላው መካከለኛው ይሁን፣ ሥጋም ይኑርበት። ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ጻፊበት፣ ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ቦታም ተዪልኝ።

የእህሉንም የሥጋውንም ዋጋ ሞላ ይሰጥሻል፣ የድካምሽም አለበት። እምቢ እንዳትዪ። የዚህ የሠላሳው ወጪ ከእኔ ኪስ መውጣት አለበት። መቀበልሽን በጽሑፍ አረጋግጪልኝ።

ጣይባ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ጣይባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የተከበረውን ወር በሰላም ያድርስዎ፣ በሰላም ያስጨርስዎ፣ ዱዓዎንም ይቀበልዎ።

የላኩልኝን ተቀብያለሁ። በጽሑፍ ብለዋልና ይኸው፣ ተቀብያለሁ። ወላሂ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን «ሽንኩርቱን በምን ገዛሽው?» ብለውኝ አያውቁም ነበር፣ ክፉ ክፉውን ሳስብብዎ ከርሜያለሁ። አፉ ይበሉኝ።

ሦስት እሑድ ፈጅቶብኛል። ኃላፊዬን ለምኜ የመመገቢያውን ፍሪዘር አንድ ጥግ ሰጠኝ። እያንዳንዱ እሽግ ሦስት ነገር አለው። የገብስ ሾርባው በላስቲክ ውስጥ ተነጥፎ ስለረጋ እንደ ደብተር ጎን ለጎን ይቆማል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ቶሎም ይቀልጣል። ሦስት የምስር ሳንቡሳ አለ። ዘይት ውስጥ አልነከርኳቸውም፣ ለብልቤ መጥበሻ ላይ ነው ያገላበጥኳቸው። መጀመሪያ ትሪ ላይ ተለያይተው ስለደረቁ አይጣበቁም። ከዚያ አንድ ጭልፋ ቦሎቄ በሥጋ። ጭልፋው አንድ ነው፣ እጄም አንድ ነው፣ ልኩ አልተዛነፈም። ሥጋውን ራሴ ቄራ ሄጄ ነው የመረጥኩት፣ ጅማት አያገኙበትም። ቁጥሩን በፓርከር ጽፌያለሁ።

ለእርስዎ ማፍጠሪያ እንደሆነ ገምቻለሁ። ታዲያ ፈትሂያ በምን ታፈጥራለች ብዬ ለእሷ በተለየ ፌስታል ሌላ አሥራ አምስት ሳንቡሳ ጨምሬያለሁ። ዘንድሮ ሙሉውን ልትጾም ነው አሉ፣ ማሻአላህ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ።

እያንዳንዱን ስጠቀልል ቢስሚላህ ብያለሁ። የሚበላው ሰው ዱዓ ያድርግልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ለዒድ ግን ልጄን ይላኩልኝ። ቀሚስ ገዝቼላታለሁ፣ ቁመቷን ስለማላውቅ ጫፉን ሳልሰፋው ትቼዋለሁ።

ልጅዎ ራሂማ


ደሴ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራሂማ

ዒድ ሙባረክ። አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበለን።

ወሩ ሃያ ዘጠኝ ሆኖ ወጣ። ሃያ ዘጠኙ በሥርዓቱ አልቀዋል፣ ምግብሽ አልተበላሸም። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ነበር፣ ፍሪዘሩን ስላልከፈትነው ምንም አልሆነም። ሠላሳኛው ስለተረፈ በሳጥኑ መልሼልሻለሁ። ከሚገባኝ በላይ ቤቴ ውስጥ መያዝ አልወድም።

ለዒድ እንግዳ ስለበዛብኝ ፈትሂያን ልልክልሽ አልቻልኩም። የዕቃ አጠባ እጇ ተሻሽሏል።

ጣይባ


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጣይባ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታውን ዛሬ አላስረዝመውም።

ሠላሳኛው እሽግ ደርሶኛል። ከቤት ቀለብ ላይ አንድ እሽግ ቆጥሮ የሚመልስ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ አገላበጥኩት። እኔ 30 ብዬ ከጻፍኩት ሥር በዚያ በሚያምረው የመሥሪያ ቤት ጽሑፍዎ «ፊድያ፣ ለሚስኪን» ይላል።

ፊድያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በማይድን ሕመም መጾም ያቃተው ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላል። መጾም እንዳልቻሉ ስላልነገሩኝ አልቀየምም፣ ሕመም ነውር የለውም። ግን ማንን አበሉ? ሞላን ጠየቅኩት፣ እርስዎ ደጅ ድሃ ቆሞ አይቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጎረቤትዎ ሸሪፋ ለዘመድ ሠርግ ወደዚህ ወርዳ ተገናኘን። የማውቅ መስሏት ነው የነገረችኝ። «ኧረ ልጅሽ ናት እኮ የበላችው! አይ ራሂማ፣ አልሰማሽም? መግሪብ አዛን ሲል ሳህኗን ይዛ ደጅ ትወጣለች፣ ደፉ ላይ ቁጭ ትላለች። ጣይባ በሩን ገርበብ አድርጋ ከውስጥ ወንበር ላይ ሆና ታያታለች። የሠፈሩ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ‘ምንድን ነው?’ ሲላት፣ ‘ፊድያዬ ናት’ ትላለች። ወላሂ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው» አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና በማለፏ እሷንም አላመሰገንኳትም።

ቢስሚላህ እያልኩ የጠቀለልኩትን። በእኔ እጅ አብስለው፣ የእኔን ልጅ ደጅ አስቀምጠው፣ ሃያ ዘጠኝ ቀን። ያ አሥራ አምስቱ ሳንቡሳ ደግሞ ለዓርብ ሴቶችዎ እንደቀረበ ይህችው ሸሪፋ ነግራኛለች፣ ሁለት በልታለች።

እዚህ ኮምቦልቻ ሸህ ሙዓዊያ ዘንድ ሄድኩ። ስምዎን አልጠራሁም። «አንዲት ሴት በጀመዓ ፊት ቀለቧን ችያለሁ ብላ እንደ ልጅ የተቀበለቻትን ፊድያ ብታበላትስ?» አልኳቸው። «ቀለቧ ግዴታዋ ከሆነ ግዴታዋን ነው የተወጣችው፣ ፊድያው ገና ትከሻዋ ላይ አለ» አሉኝ።

ስለዚህ ይምረጡ። ፈትሂያ ልጅዎ ከሆነች ሃያ ዘጠኙ ቀን አልተከፈለልዎትም፣ አላህ ፊት ይዘውት ይቀርባሉ። ሚስኪን ከሆነች ደግሞ ልጅዎ አይደለችም፣ በጀመዓው ፊት የተባለው ፈርሷልና ይመልሱልኝ። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ምግብ መላክ ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ። ከሱቅ ሲያስመጡ ጨዉን ይጠይቁ። እነሱ በጣት ጫፍ አይደለም የሚጨምሩት።

ራሂማ


ደሴ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራሂማ

ወዓለይኩም አሰላም። አላህ ልብሽን ያብርደው።

አንድ ወር የዘገየሁት ስለ ልጅቷ ሳስብ አይደለም፣ ለእሷ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። የዘገየሁት የሐጅ ወረቀቴ እስኪያልቅ ነው። ሂሻም ከፍሎልኛል፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ።

ወደ አላህ ቤት የሚሄድ ሰው ሃያ ዘጠኝ ቀን ዕዳ ተሸክሞ አይሄድም። የእኛን ሸህ ጠየቅኩ። «ልጅቷ ምንሽ ናት?» አሉኝ። «የሩቅ ዘመዴ ልጅ፣ ድሃ፣ ቤቴ እየሠራች የምትኖር» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ፊድያሽ ደርሶልሻል» አሉኝ። ደርሶልኛል። በጽሑፍ ጠይቀሻልና ይኸው፦ ፈትሂያ ልጄ አይደለችም፣ ሆናም አታውቅም። ከሥር ፈርሜያለሁ።

ለምን እሷን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፣ ብልጥ ነሽና ይገባሻል። ከመስጊድ በር አንድ ድሃ ብጠራ በማግሥቱ አምስት ሆኖ ይመጣል። እሷ እዚሁ አለች፣ አንድ ናት፣ ጠግባ ትነሳለች፣ ሳህኑንም ታጥባለች። ደጅ ያስቀመጥኳት ሰው እንዲያይ ነው። ቀን ምሳ ስበላ ያዩኝ ጎረቤቶች ረመዷንን በላች እንዲሉኝ አልፈልግም፣ ስሜን በዚህ ከተማ ስሠራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አልመታኋትም፣ አላስራብኳትም። አንቺ ግን የወለድሽውን ሰጥተሽ ምስር ትልኪያለሽ። ከሁለታችን የትኛችን እንደጨከንን ያው ጀመዓ ይፍረድ።

ረቡዕ መጥተሽ ውሰጃት። ፈተናው ሰኔ ላይ መሆኑንና የተመዘገበችው እዚህ ደሴ መሆኑን «ይምረጡ» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ማሰብ ነበረብሽ። እኔ ሌላ ሠራተኛ ይዣለሁ፣ ክፍሉ ያስፈልገኛል።

ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ለሐጅ የሚወጣ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ አፉ በሉኝ ይላል። አንቺም ልጅቷም አፉ በሉኝ። መልሳችሁን ከመሄዴ በፊት እፈልገዋለሁ። ሁለተኛ፣ ስመለስ ፍሪዘሩ ባዶ እንዳይጠብቀኝ የምስሩንና የገብሱን ሾርባ አሠራር ለአዲሷ ጽፈሽ ላኪልኝ። ኮረሪማው ይቀነስ።

ጣይባ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጣይባ

አሰላሙ ዓለይኩም። መንገዱን አላህ እንደ ሥራዎ ያድርግልዎ።

ረቡዕ ፈትሂያን ከደጅዎ ወስጃለሁ። እርስዎ አልወጡም፣ አዲሷ ናት የከፈተችልኝ። ልጄ አንድ ፌስታል ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ለዒድ የገዛሁላት ቀሚስ አጥሯታል። ሞላ ጋቢና አስቀምጦ የሐረጎን ቁልቁለት አወረደን።

ስለ ፈተናው ያሉት እውነት ነው። ያን «ይምረጡ» የሚለውን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሁለቴ አንብቤ ስቄያለሁ። በሁለቱ መካከል ተይዘው ሲጨነቁ ይታየኝ ነበር። አልተጨነቁም። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ምዝገባው አልቋል ብሎናል፣ ስድስተኛን ትደግማለች። መምህሩ ደብተሯን ገልጦ ከጥር ወዲህ የተጻፈ ነገር የለም አለኝ። እርስዎ አልነገሩኝም፣ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኩም። ሞላ ኅዳር ላይ ሲነግረኝ ገብቶኝ ነበር። ዕቃው ባዶውን እስከመጣ ድረስ በልታለች እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ይህ የራሴ ነው፣ በእርስዎ ላይ አላላክክም።

የምስሩንም የሾርባውንም አሠራር አልጽፍልዎትም። አዲሷ እጇ እንደመራት ታብስልልዎ። ይህን ስከለክልዎ ሕመምዎን ረስቼ አይደለም፣ አስታውሼ ነው።

ስለ አፉታው ግን ልንገርዎ። በመጣች ዕለት ማታ የገብስ ሾርባ ሠራሁላት። በረዶ አላየም፣ ከእሳቱ ወርዶ በቀጥታ ነው የቀዳሁላት። ጓደኞቼ ፍራሹን ጠቅልለው ቦታ ለቀቁላት። ሳህኑን ስሰጣት ይዛው ወጣችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ነይ ግቢ፣ ከእኛ ጋር ብዪ አልኳት። «እዚህ ይሻላል፣ ሰው ይየኝ» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አላህ ይቀበልዎ፣ ያልጾሙትን እንደጾሙት ያድርግልዎ፣ ወንጀልዎን ይማርልዎ» አለች። ቃል አልሳተችም። የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ እናትሽ ነኝ፣ ለእኔ ይህ አይባልም አልኳት። «አውቃለሁ፣ ግን ካልተባለ ሳህኑ ይነሳል» አለችኝ።

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀናችን ነው። እስካሁን ከዚያ ደፍ አልተነሳችም። ጓደኞቼ እሷ ስትበላ ወደ ግድግዳው ዞረው ይቀመጣሉ።

የእኔን አፉታ አልሰጥዎትም፣ ይህን ካዕባ ፊት ቆመውም ይወቁት። የእሷ ግን የራሷ ነውና እንዳልቀማት ብዬ ትናንት እራቷን ሳቀርብላት ጠየቅኳት። አክስትሽ ለሐጅ ልትሄድ ነው፣ ፈትሂያ አፉ ትበለኝ ብላለች፣ ምን ትያለሽ አልኳት። ሳህኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ሳልበላ ነው የምለው ወይስ በልቼ?» አለችኝ።

መልሷ ይህ ነው። ቃሏን እንዳለ ጽፌልዎታለሁ፣ ይዘውት ይሂዱ።

ራሂማ